ለፖሊሽ ማሽን ፓድ ስትመርጡ ቀለሙን አትመኑ

[ስክሪን ላይ፦ ጥቁር ኮፈን። የእጅ ባትሪ ይበራበታል። ክብ ክብ የሆኑ ስስ ጭረቶች ይወጣሉ።]

ሰላም። ይሄን ኮፈን እዩት። ጥላ ስር ሆኖ ስታዩት ንጹህ ነው። ባትሪ ሲበራበት ግን ጉዱ ወጣ። እንዲህ ያሉ ስስ ጭረቶች በአብዛኛው የሚመጡት ከአስተጣጠብ ነው። አቧራ በያዘ ጨርቅ ሲወለወል ጨርቁ አቧራውን ቀለሙ ላይ ይጎትተዋል።

ጭረቱን ለማጥፋት ስንነሳ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ፖሊሽ ማሽኑ ነው። ስንት ዋት ነው? ስንት ዙር ይዞራል? የማን ስሪት ነው? ፓዱንማ፣ ማለትም ማሽኑ ፊት ላይ ተለጥፎ ቀለሙን የሚፈትገውን ክብ ነገር፣ ከካርቶኑ ጋር የመጣው ይበቃል እንላለን። እኔ ግን ነገሩን ገልብጡት ባይ ነኝ። መኪናውን የሚነካው ፓዱ ነው። መካከለኛ ማሽን ከትክክለኛ ፓድ ጋር ጥሩ ስራ ይሰራል። ውድ ማሽን ከተሳሳተ ፓድ ጋር ግን አንዱን ጭረት አጥፍቶ ሌላውን ይተክላል።

[ስክሪን ላይ፦ የቀለም ንብርብር ስዕል። ከታች ብረት፣ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለም፣ ከላይ ክሊር።]

የምንፍቀው ምን እንደሆነ እንወቅ። በአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች ላይ ከላይ የምናገኘው ክሊሩን ነው፤ ቀለም አልባው ግልጽ ሽፋን። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ማይክሮን ቢሆን ነው። አንድ ተራ የማተሚያ ወረቀት 100 ማይክሮን አካባቢ ነው። እንግዲህ ያላችሁ የወረቀት ግማሽ ነው ማለት ነው። ፖሊሽ ስታደርጉ ጭረቱ አይሞላም። ዙሪያው ያለው ክሊር ወርዶ ከጭረቱ ጋር እኩል ይሆናል። የወረደው ደግሞ አይመለስም።

ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አሻግራችሁ ጎትቱ። ከያዛችሁ ጭረቱ ጥልቅ ነው፤ በፓድ አሳድዳችሁ አትጨርሱትም፣ ተዉት።

ስለዚህ ጥያቄው «በደንብ የሚፍቀው የቱ ነው?» አይደለም። «ስራውን ከሚጨርሱልኝ ፓዶች ውስጥ በጣም ለስላሳው የቱ ነው?» ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከዚህች ጥያቄ የሚወጣ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ሶስት ፓዶች ጎን ለጎን። ሱፍ፣ ማይክሮፋይበር፣ ስፖንጅ።]

በጥሬ ዕቃ ከሄድን ፓድ ሶስት ዓይነት ነው።

ሱፉ ኃይለኛው ነው። ክሮቹ ቶሎ ይፍቃሉ። በመካከላቸው አየር ስለሚያልፍ ደግሞ ከስፖንጅ ያነሰ ይግላል። ለከባድ ስራ፣ በተለይ ለሮታሪ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚዞረው ማሽን፣ የቆየ ወዳጅ ነው። ችግሩ፣ ጨርሶ አይጨርስም። የደበዘዘ ነገር ትቶ ይሄዳል፤ ከኋላው የግድ ስፖንጅ መግባት አለበት። አዲስ ሲሆን ክር ይረግፋል፣ አትደንግጡ።

ማይክሮፋይበሩ ስስ ስፖንጅ ላይ የተለጠፉ አጫጭር ክሮች ናቸው። በዲኤ ማሽን፣ ማለትም እየዞረ በሚወዛወዘው ማሽን ላይ፣ በፍጥነት ይቆርጣል፣ ማለትም ክሊሩን ይፍቃል። ግን ክሮቹ በፖሊሽ ቅሪት ቶሎ ይታፈናሉ። አንድ ቁራሽ ቦታ በሰራችሁ ቁጥር ካልተጸዳ ስራው ይበላሻል። ለስላሳ ክሊር ላይ ደግሞ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይጥላል።

ስፖንጁ ዋናው ነው። አንድ ዓይነት ብቻ ግዙ ብትባሉ እሱን ግዙ። ከደረቁ ፍቆ አስተካካይ እስከ በጣም ለስላሳው አንጸባራቂ ድረስ ደረጃ አለው። ሱቅ ውስጥ በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። ደረቁ ይገፋችኋል፣ ለስላሳው ይሰምጣል። ይሄ ፈተና ፍጹም አይደለም፤ የቀዳዳዎቹ መጠንና አሠራር ስራውን ይለውጡታል። ግን ከቀለም የተሻለ ይነግራችኋል።

[ስክሪን ላይ፦ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ብርቱካናማና ጥቁር ፓዶች ተደባልቀው።]

አሁን ስለ ቀለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ቢጫውን ስጠኝ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። በሩፔስ ፓዶች ሰማያዊው ሻካራው ነው፣ አረንጓዴው መካከለኛ፣ ቢጫው ለስላሳ፣ ነጩ ደግሞ የመጨረሻው ለስላሳ። ወደ ሌክ ካንትሪ የቆየ አሰላለፍ ስትሄዱ ቢጫው ቆራጭ ነው። ብርቱካናማው ቀለል ያለ ቆራጭ፣ ነጩ የፖሊሽ፣ ጥቁሩ ማጠናቀቂያ። አያችሁት? ያው ቢጫ አንዱ ጋ አንጸባራቂ ነው፣ ሌላው ጋ ቆራጭ። ኢንዱስትሪው የተስማማበት አንድ የቀለም ሕግ የለም። ከአንዱ ኩባንያ የለመዳችሁትን ቀለም ይዛችሁ የሌላውን ብትገዙ ጥቁር መኪና ላይ የምትጸጸቱበትን ስራ ትሰራላችሁ። የየኩባንያውን ሰንጠረዥ አንብቡ። «ለመቁረጥ»፣ «ለፖሊሽ»፣ «ለማጠናቀቅ» የሚለውን እንጂ ቀለሙን አትዩ።

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት ማሽኖች። አንዱ ሮታሪ፣ አንዱ ዲኤ። እንቅስቃሴያቸው በዝግታ ይታያል።]

ፓዱ ከማሽኑ ጋርም መስማማት አለበት። ሮታሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል። ኃይሉ አንድ ቦታ ይከማቻል፣ ቶሎ ያግላል፣ ካልተጠነቀቃችሁ ፀሐይ ላይ የሚንቀሳቀሱ የብርሃን ጅራቶች ይተዋል። ሙያተኞች ሆሎግራም ይሏቸዋል። ዲኤ ግን እየዞረ ወዲህ ወዲያ ይወዛወዛል። የመወዛወዙ ስፋት ከማሽን ማሽን ይለያያል፤ በብዛት የምታገኟቸው 8፣ 15 እና 21 ሚሊ ሜትር ናቸው። ለጀማሪ ያለ ጥርጥር ዲኤ እመክራለሁ።

ለዲኤ ቀጠን ያለ ፓድ ይሻላል። ወፍራም ስፖንጅ የማሽኑን መወዛወዝ ራሱ ውጦ ያስቀረዋል፤ ማሽኑ እየጮኸ ፓዱ ፊት ላይ ብዙም ስራ የለም። ወፍራሙ የሚያምርበት ቦታ ጎበጥ ያለ ቦዲ ነው፣ ወይም ሮታሪ ላይ።

[ስክሪን ላይ፦ እጅ በማርከር የፕሌቱ ጠርዝ ላይ አንድ መስመር ይስላል። ማሽኑ ይነሳል።]

ይቺን ልብ በሉ። ፓዱ የሚለጠፍበት ፕሌት ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ መስመር ስሩ። ስትሰሩ መስመሩ ተዛብቶ ከታያችሁ ፓዱ እየዞረ ነው። መስመሩ ጥርት ብሎ ከቆመላችሁ ፓዱ መዞር አቁሟል፤ መወዛወዝ ብቻ ነው የቀረው። ብዙ ዲኤዎች ሲጫኗቸው እንደዚህ ይሆናሉ። እጃችሁን ቀለል አድርጉ። ፓዱንም በሙሉ ፊቱ አሳርፉት፤ አንድ ጎኑ ብቻ ሲነካም ዙሩ ይቆማል።

መጠኑ ላይ ብዙ አንቆይም። ፓዱ በዙሪያው ሁሉ ከፕሌቱ ትንሽ ይትረፍ። ባለ 5 ኢንች ፕሌት ላይ ባለ 5.5 ኢንች ፓድ ጥሩ ጋብቻ ነው። የፕሌቱ ጠርዝ ከወጣ አንድ ቀን ክሊሩን ይመታዋል። ለበር ምሰሶ፣ ለስፔኪዮ፣ ለፓራውልት ደግሞ ባለ 3 ኢንች ፓድና ከእሱ ትንሽ ያነሰ ፕሌት ያስፈልጋል። ፓራውልቱ ላይ ተረጋጉ። ፕላስቲክ እንደ ብረት ሙቀቱን አያስተላልፍም፣ እዚያው ይይዘዋል።

[ስክሪን ላይ፦ ኮፈን ላይ በወረቀት ፕላስተር የተከለለ አራት ማዕዘን።]

እሺ፣ የቱን ልምረጥ? መልሱን መኪናው ይንገራችሁ። የክሊር ጥንካሬ ከመኪና መኪና ይለያያል። አንዱ ላይ የሰራው ሌላው ላይ ላይሰራ ይችላል። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ በፕላስተር ከልሉ። የፖሊሽ ፓድ፣ ማለትም መካከለኛውን፣ ከረቂቅ ፖሊሽ ጋር ያዙ። አዲስ ፓድ ከሆነ መጀመሪያ ፊቱን በሙሉ በስሱ ፖሊሽ ቀቡት፤ ፖሊሽ ያልነካው ስፖንጅ ክሊር ላይ መሮጥ የለበትም። ከዚያ ሶስት አራት ጠብታ ይበቃል። በዝግታ፣ አንዱ መስመር ሌላውን ግማሽ እየሸፈነ፣ አራት አምስት ጊዜ እለፉበት።

ከዚያ በተበረዘ አልኮል ጥረጉት። ይሄን አትዝለሉ። የፖሊሹ ዘይት ጭረቱን ሸፍኖ ያታልላል፤ ነገ ሲታጠብ ይመለሳል። ባትሪ አብሩበት። ጭረቱ ከጠፋ አበቃ፣ ከዚህ በላይ ደረቅ ፓድ አያስፈልጋችሁም። ካልጠፋ ፖሊሹን ሳትነኩ ፓዱን ብቻ በአንድ ደረጃ አክርሩት። ሁለቱንም ባንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሰራ አታውቁም። ጭረቱ ጠፍቶ ደብዘዝ ካለ ደግሞ ለስላሳውን ፓድ አስከትሉ።

[ስክሪን ላይ፦ በቅሪት የተሞላ ፓድ። ብሩሽ ሲያልፍበት አቧራ ይነሳል።]

ስንት ልግዛ ለሚለው፣ አንድ ፓድ ይዞ ሙሉ መኪና መጀመር ራስን ማድከም ነው። ፓድ ይግላል፣ በፈሳሽ ይሞላል፣ ይላላል። ለአንድ መካከለኛ መኪና ከመካከለኛው ሶስት ወይም አራት፣ ከለስላሳው ሁለት፣ ከትንሹ ሁለት ብትይዙ በእኔ ግምት ይበቃችኋል። እየቀያየራችሁ ስሩ። እያንዳንዱን ቁራሽ ስትጨርሱ ፓዱን በብሩሽ አጽዱት፤ ኮምፕሬሰር ካለ በአየር ንፉት። ቆራጭ ኮምፓውንድ፣ ማለትም ሻካራው ፖሊሽ፣ የነካውን ፓድ ደግሞ ለማጠናቀቂያ አትጠቀሙበት። ታጥቦም ቢሆን።

ስትጨርሱ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ጨምቁት፣ ጥላ ላይ ይድረቅ። እያዩም ግምገማ አድርጉ። መሃሉ ከዳሩ ይልቅ ሰምጦ ከቀረ፣ ስፖንጁ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ከጀርባው ያለው ቬልክሮ ከአንድ ጥግ መላቀቅ ከጀመረ ጣሉት። በተለይ ቬልክሮው። ማሽኑ እየሰራ ፓዱ ከተነቀለ ክሊሩ ላይ የሚያርፈው ፕሌቱ ነው።