«እኔ ጋ ይሠራል፣ እነሱ ጋ አይከፍትም»፦ ኢንስቶለር ሲያስቸግር

[ስክሪን፦ ኢንስቶለሩ «ፊኒሽ» ብሎ ያልቃል። አይኮኑ ሁለቴ ክሊክ ይደረጋል። ምንም የለም።]

ጤና ይስጥልኝ። ይሄ የምታዩት የማሾና የሽንኩርት ግዢ መመዝገቢያ ፕሮግራም ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በፓይተን ተጻፈ፣ በፓይኢንስቶለር ቢልድ ተደረገ፣ ማለትም ኮዱ ክሊክ ሲደረግ የሚከፈት ኢኤክስኢ ፋይል ሆነ፣ በኢኖ ሴታፕ ደግሞ ኢንስቶለር፣ ማለትም ፕሮግራሙን ኮምፒውተር ላይ የሚጭን ፋይል ሆነ። ከዚያ በፍላሽ፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ፣ ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ወረደ። ነጋዴው ጫነው፤ መጫኑስ ተጫነ። ሲከፍተው ግን ጭጭ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር እንቢ አለኝ እኮ።»

«ጋሼ፣ እኔ ጋ በደንብ ይሠራል!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የልጁ ላፕቶፕ ላይ ፓይተን አለ፣ ላይብረሪዎቹ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸው ዝግጁ ኮዶች አሉ፣ ለሌላ ሥራ ተጭኖ የቀረ ስንት ነገር አለ። ፕሮግራሙ እነሱን ተደግፎ ነው የቆመው። ሸዋ ሮቢት ድጋፉ የለም።

ገምቶ እንደገና ቢልድ ማድረግና ሌላ ፍላሽ መላክ የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ከሹፌሩ በቀር ማንንም አይጠቅምም። መጀመሪያ ኤረሩ ይታይ። ኮንሶሉን፣ ማለትም ጥቁሩን መስኮት፣ አጥፍታችሁ ቢልድ ካደረጋችሁ ኤረሩ ላይታይ ይችላል። ለሙከራ አብሩት። ከዚያ አይኮኑን ክሊክ አታድርጉ፣ ብልጭ ብሎ ይዘጋል። ሲኤምዲን፣ ማለትም የዊንዶውስን ትእዛዝ መጻፊያ ክፈቱ፣ ኢኤክስኢ ፋይሉን ጎትታችሁ እዚያ ላይ ጣሉት፣ ኢንተር በሉ። አሁን ጽሑፉ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ ጋሼም በስልካቸው ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልኩላችኋል።

[ስክሪን፦ ጥቁር መስኮት፣ የመጨረሻው መስመር በቢጫ ተከቦ]

የመጨረሻውን መስመር አንብቡ። ሞጁል፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚጠራው የኮድ ክፍል፣ አልተገኘም ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ፓይኢንስቶለር ኮዱን አንብቦ ኢምፖርት የተደረጉትን ይሰበስባል፤ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ በስማቸው የሚጠራቸውን ግን አያያቸውም። «ሂደን ኢምፖርት» በሚለው አማራጭ ስማቸውን ንገሩት፣ አለቀ።

ፋይል አልተገኘም ካለ ግን ትንሽ ቁጭ እንበል። የኛ ፕሮግራም ፒዲኤፍ ደረሰኝ ያወጣል፤ ኮዱ ውስጥም ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት አድራሻ ከዊንዶውስ የፎንት ፎልደር ጋር ተጽፏል። ኒያላ በዊንዶውስ ቪስታና በ7 ጊዜ አብሮ ይመጣ ነበር። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን እንደ ተጨማሪ ነገር ተለይቶ ተቀምጧል፣ አማርኛን በቋንቋ ዝርዝሩ ላይ ስትጨምሩ ነው የሚወርደው። ልጁ ጨምሯል። ጋሼ የሚጽፉት በፓወር ግዕዝ ስለሆነ አልጨመሩም፤ ቢጨምሩም ለማውረድ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስለዚህ በነጻ ሊሰራጭ የሚችል ፎንት፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ ከፕሮግራሙ ጋር አብራችሁ እሸጉ። አድራሻውንም ከኮዱ ፋይል ተነስቶ እንዲያገኘው አድርጉ እንጂ «እዚሁ ፎልደር ውስጥ ነው» ብላችሁ አትመኑ።

ለምን? «ዋንፋይል» በሚባለው አማራጭ ሁሉንም በአንድ ኢኤክስኢ ስታሽጉ፣ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ዕቃውን ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይዘረግፋል፣ ሲዘጋ ያጠፋዋል። ከፎንቱ የባሰው ዳታቤዙ፣ ማለትም ግዢዎቹ የሚቀመጡበት ፋይል ነው። ዳታቤዙን ከኮዱ ጎን ካስቀመጣችሁት፣ ቀኑን ሙሉ የተመዘገበው የማሾ ግዢ ማታ ፕሮግራሙ ሲዘጋ አብሮ ይሄዳል። ኤረር እንኳ አይሰጥም! እኔ ለኢንስቶለር ሥራ ዋንፋይልን አልመክርም። «ዋንዲር»፣ ማለትም ፎልደር አድርጎ የሚያወጣው፣ ይሻላል፤ ፎልደሩን መጠቅለል የኢኖ ሴታፕ ሥራ ነው። ዳታቤዙን ደግሞ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥም አታድርጉት። እዚያ ለመጻፍ የአድሚን ፈቃድ ያስፈልጋል። ቦታው የተጠቃሚው አፕዳታ ውስጥ፣ «ሎካል» የሚለው ፎልደር ነው።

[ስክሪን፦ የቆየ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ ሲስተም ፕሮፐርቲስ ተከፍቶ]

አሮጌ ኮምፒውተርም አለ። መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ ገጠር ቀበሌ ስትሄዱ ዊንዶውስ 7 ብታገኙ አይግረማችሁ። ዊንዶውስ 7ን የሚደግፈው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ በ3.9 ቢልድ ካደረጋችሁ አይከፍትም። ባለ 64 ቢት ኢኤክስኢም ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም፣ የ32ቱ ግን ሁለቱም ላይ ይሠራል። ደንበኛውን አስቀድማችሁ ጠይቁት።

አንቲቫይረስ ፕሮግራማችሁን ቫይረስ ነው ካለ፣ ዩፒኤክስ የሚባለውን ማመቂያ አጥፉና ሞክሩ፤ ዋንፋይልም ጥርጣሬውን ያባብሳል። «አንቲቫይረሱን አጥፉት» ብላችሁ ለደንበኛ አትንገሩ፤ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ሱቅ ይሄ ነውር ነው።

መሞከሪያው የራሳችሁ ላፕቶፕ አይሁን። ዊንዶውስ 10 ፕሮ ካላችሁ፣ ከ1903 ቨርዥን ጀምሮ ዊንዶውስ ሳንድቦክስ አለ፦ በከፈታችሁት ቁጥር አዲስ የተጫነ የሚመስል ንጹህ ዊንዶውስ። የዳታቤዙን ሙከራ ግን ሳትዘጉት ጨርሱ፣ ሲዘጋ ሁሉንም ይረሳል። ፕሮ ከሌላችሁ ገና ፎርማት የተደረገ የጎረቤት ኮምፒውተር ተዋሱ። ዋይፋይ አጥፉ። ጫኑት፣ አንድ ግዢ መዝግቡ፣ ደረሰኙን አውጡ፣ ፕሮግራሙን ዝጉና እንደገና ክፈቱ። ግዢው እዚያው ካለ፣ የፋይሉ ስም ላይ የቨርዥን ቁጥር ጻፉና ፍላሹን ለሹፌሩ ስጡት።