ለደጋ ብርድ የሚሆን መጠለያ

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር፣ ጠዋት 12 ሰዓት። ሣሩ ላይ ውርጭ።]

የሸራ መጠለያ ውስጥ ናችሁ። ጣሪያውን በጣታችሁ ንኩት። ውኃ ይወርዳል። ዝናብ ግን አልጣለም። ቤተሰቡ ሌሊቱን ሙሉ የተነፈሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ጤዛ ሆኖ ነው። ጠብ ጠብ እያለ ብርድ ልብሱን ያርሰዋል። ከብርድ ልብሱ ሥር ሕፃን ተኝቷል።

ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችን ደብረ ብርሃን ባሉት ቻይና ካምፕና ባቄሎ በተባሉ መጠለያዎች ውስጥ ዓመታት ቆጥረዋል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸራ ለዚህ ሁሉ ክረምትና ውርጭ አልታሰበም።

ታዲያ ምን ይሻላል? በአይኬያ ፋውንዴሽን ድጋፍ ስዊድን ውስጥ የተነደፈ መጠለያ አለ። ተፈታትቶ በካርቶን ይመጣል፣ በሰዓታት ውስጥ ይገጠማል። የሚቆለፍ በር አለው፤ ይህ ለሴቶች ትልቅ ነገር ነው። ስፋቱ 17.5 ካሬ ሜትር ነው። ለአምስት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 3.5 ይደርሳል፤ ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መስፈርትም ይኸው ነው። ብርድ ባለበት አገር ግን መስፈርቱ ከ4.5 እስከ 5.5 ከፍ ይላል፤ ሰው ቀኑንም ቤት ውስጥ ስለሚያሳልፍ። ግድግዳውም ስስ ፕላስቲክ ነው። ለእኛ ደጋ አይበቃም።

[ምስል፦ አፈር የተሞላ ማዳበሪያ፣ ተራ በተራ ሲደረደር።]

እኔ ልቤ ያረፈው በዚህኛው ነው። ኢራናዊ ተወላጁ አርክቴክት ናደር ኻሊሊ ማዳበሪያ ውስጥ እርጥብ አፈር ሞልቶ፣ በየመሃሉ እሾሃማ ሽቦ እያነጠፈ ቤት መሥራትን አስተማረ። ሽቦው አንዱ ማዳበሪያ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ሥራው በ2004 እ.ኤ.አ. የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል።

ወፍራም የአፈር ግድግዳ ቀን ከፀሐይ የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። የመንዝ ሰው ይህን ያውቀዋል። ድንጋይ በጭቃ ይክባል፣ ከላይ በጓሳ ሣር ይከድናል።

ኻሊሊ ቤቱን እስከ ጣሪያው በማዳበሪያ ያዞረዋል። የእኛን የሐምሌ ዝናብ ሳስብ ግን ግድግዳው ብቻ ከማዳበሪያ ቢሆን፣ ከላይ ቆርቆሮ ቢለብስ እላለሁ። መሠረቱ ድንጋይ ይሁን። ማዳበሪያው ፀሐይ ሳይበላው በጭቃና በገብስ ጭድ ቶሎ ይመረግ። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይወጠር፤ ቆርቆሮ ብቻውን እንደ ሸራው ያንጠባጥባል። ለትንፋሹ መውጫ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ተዉ። መስኮቱ ወደ ደቡብ ይዙር፤ ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይዋ በዚያ በኩል ናት። መኝታው ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ይሁን። ምድጃው ለብቻው፣ ውጭ።

[ምስል፦ እጅ ላይ የተድቦለቦለ አፈር።]

ስለ አፈሩ ተጠንቀቁ። መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ ጭቃማ አፈር፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀይ አፈር ከአሸዋ ጋር ቀላቅሉ። ትንሽ አርጥቡና በእፍኛችሁ አድቦልቡሉት። ከትከሻችሁ ከፍታ ልቀቁት። ብትንትን ካለ ደርቋል ወይም አሸዋው በዝቷል። ተጠፍጥፎ ከቀረ ውኃ በዝቶበታል። ሁለት ሦስት ቦታ ከተከፈለ ማዳበሪያውን መሙላት ጀምሩ።