ስፌት ከሣሩ ይጀምራል፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደንበጫና ከእንጅባራ መንገዱ ሳይከብዳችሁ የመጣችሁ እናቶቼ፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ በሥልጠና ላይ ያላችሁ ልጆቻችን፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶቻችን፤ እንደምን ሰነበታችሁ። እንኳን ወደ ደብረ ማርቆስ በደኅና መጣችሁ። ጥምቀትን አሳልፈን፣ ሰርግ በየቀበሌው በሚደገስበት በዚህ በጥር ወር መገናኘታችን ለሥራችን የተመቸ ነው፤ ደግሶ የሚድር ቤት ሁሉ መሶቡን ከተሰቀለበት አውርዶ አቧራውን የሚያራግፈው፣ የጎደለውን ሌማትም ከጎረቤት የሚዋሰው በዚህ ወር ነውና።

የዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት በየተራው ይቀርብላችኋል፤ እኔ ወደዚያ አልገባም። ከብዙው ጉዳያችን አንዲት ሰበዝ ብቻ ልምዘዝ፤ እሷም ልጆቻችንን ስፌት የምናስተምርበት መንገድ ናት። እስከ አሁን ያስተማርነው ከመካከል ጀምረን ነው ብዬ አምናለሁ። ወስፌ አስጨበጥናቸው፤ ሣሩን ግን አላሳወቅናቸውም።

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር ሠልጣኞቻችን የሰፏቸውን ሰፌዶች ለማየት ወደ ማሠልጠኛ ክፍላችን ገብቼ ነበር። ሰፌዶቹ በየካቲት ተጨርሰው ግድግዳው ላይ ሲሰቀሉ ዙራቸው ጥብቅ፣ ገጻቸውም የሚያምር ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆይተው ግን ዙሩ ከዙሩ መላቀቅ ጀምሮ፣ አንዱን አውርጄ ወደ መስኮቱ ብይዘው በመካከሉ ብርሃን ይታያል። አንድ እፍኝ ጤፍ አድርገንበት ብናንቀረቅበው ጤፉ እየሾለከ በወለሉ ላይ ተዘራ። ሰፌዱን የሰፋችው ልጅ አንገቷን ደፍታ «እጄ አልተባረከም መሰለኝ» አለችኝ፤ ከዚያን ቀን በኋላም አልተመለሰችም።

የልጅቱ እጅ አንዳች ጉድለት አልነበረበትም። ጉድለቱ ከሣሩ ነበር። ሣሩን ከገበያ በእስር ገዝተን ነው ያቀረብንላቸው፤ ሳይበስል የተነቀለ፣ እርጥበቱም ሳይወጣለት የታሰረ ነበር። እርጥብ ሣር ወፍራም ነው፤ ሲደርቅ ይከሳል። በእርጥብነቱ ጠቅልለው ምንም ያህል ቢያጠብቁት፣ ውስጡ ሲከሳ መጠቅለያው ባዶ ታቅፎ ይቀራል። ይህን እዚህ የተቀመጡት እናቶች ሁሉ፣ እስሩን ገና ሲጨብጡት በመዳፋቸው ያውቁታል፤ እኛ ግን ሣሩን ስንገዛ አንዲቷን እናት እንኳ አልጠየቅንም። ይህ የእኔም የሥራ አመራሩም ጥፋት ነው፤ ያቺን ልጅ ባለችበት ሆና ይቅርታ እንድታደርግልን እለምናታለሁ፤ እንድትመለስልንም መልእክት ልከንባታል።

እኔ ስፌት የለመድሁት ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ከአያቴ ዘንድ ነው። ወስፌ ከመጨበጤ በፊት ሁለት መስከረም አልፎብኛል። ክረምቱ ወጥቶ መስኩ አደይ አበባ በለበሰ ጊዜ አያቴ ወደ ተረተሩ ይዛኝ ትወጣ ነበር፤ ነገር ግን በማለዳ አልነበረም፤ በጤዛ የተሰበሰበ ሣር በእስሩ ውስጥ ይሻግታል እያለች ጤዛው እስኪረግፍ ትጠብቅ ነበር። ከዚያ በኋላም ወዲያው አትነቅልም። ስንደዶ ከሚባለው የስፌት ሣር አንዱን አገዳ በሁለት ጣቷ ይዛ ታጎነብሰዋለች፤ አረንጓዴነቱ ያልለቀቀው እንደ ክር ተልፈስፍሶ ሲቀር ትተወዋለች፤ የበሰለው ግን ቀስት ሆኖ ጎብጦ ሲለቁት ይመለሳል፤ እሱን ታሳየኛለች። የነቀላ ሥራ ስሙ ነቀላ ይባል እንጂ በእውነቱ መምዘዝ ነው፦ አገዳውን ከአበባው ዝቅ ብሎ ይዞ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ መሳብ፤ አገዳው ካቀፈው ቅጠል ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፤ ሥሩ ከመሬቱ ይቀራል፤ ለከርሞም ያበቅላል። ወደ ጎን የሳበ ልጅ ወይ አገዳውን ይሰብረዋል፣ ወይ ከነሥሩ ገንጥሎ ያወጣዋል፤ እኔ ብዙ ሰብሬአለሁ፤ አያቴም የሰበርሁትን ሁሉ ለብቻው አስራ በስተመጨረሻ በእጄ ታስይዘኝ ነበር።

አክርማው ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበር። አክርማ በግጦሽ መሬትና በመንገድ ዳር ችምችም ብሎ የሚበቅል፣ ሲጎለምስ ከብት እምብዛም የማይደፍረው ጠንካራ ሣር ነው። ቅጠሉን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት በጠርዙ ላይ የጥጥ ቁራጭ የመሰለ ነጭ ጠጉር አልፎ አልፎ ተለጥፎበት ታገኛላችሁ፤ አያቴ ከሌላው ሣር እንድለየው የነገረችኝ ምልክት ይህ ነው። በእኛ ቤት አክርማው የዙሩን ውስጥ ይሞላል፤ ስንደዶው ተሰንጥቆ መጠቅለያ ይሆናል፤ ቀለም የገባውን አለላ እንለዋለን። ሁለቱም ስስ ሆነው ተዘርግተው፣ እየተገላበጡ፣ ሲታጠፉ ድምፅ እስኪሰጡ ድረስ ይደርቃሉ። ሲሰፋ መልሶ የሚርሰው መጠቅለያው ብቻ ነው፤ እሱም እንዳይሰበር ያህል እንጂ ውኃ እስኪጠጣ አይደለም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ወስፌ ተሰጠኝ። እንደምታውቁት የስፌት ከባዱ እምብርቱ ነው። ጥቂት ሰበዝ፣ ማለት ውስጡን የሚሞላው ሣር፣ በጣት ጫፍ ተጠቅልሎ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ክብ ይሆናል፤ ወስፌው የቀደመውን ዙር ይበሳል፣ የራሰው አለላ በቀዳዳው ይገባል፣ ይሳባል፣ ይጠብቃል፤ እንደገና ይበሳል። ሰበዙ እያለቀ ሲሄድ አዲስ ይጨመራል፤ ሁሉም በአንድ ቦታ ካለቀ ግን ዙሩ እዚያ ላይ ይከሳልና፣ አጭሩንና ረጅሙን ማፈራረቅ ያስፈልጋል። አያቴ አለላውን በከንፈሯ ይዛ ታርሰው ስለነበር ስትሰፋ አትናገርም፤ የተማርሁት ከእጇ እንጂ ከአፏ አይደለም። ዙሩ ከጎን ሲያያዝ ሰፌድ ወይም ሌማት ሆኖ ይዘረጋል፤ በላይ በላዩ ሲጫን ሙዳይ ሆኖ ይቆማል፤ ወደ ውስጥ እየጠበበ ሲሄድ የመሶቡ ወገብ ይወጣል፤ ይህን ሁሉ ያየሁት በአንድ ሰው አውራ ጣት አገፋፍ ነው።

ስለ ጌጡም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው አለላ ለዓይን ደስ እንዲል የገባ ቀለም ብቻ ይመስለዋል። ጌጥ ቁጥር ነው። ክቡ በሰፋ መጠን በዙሩ ላይ የሚያርፈው ስፌት ይበዛል፤ ስለዚህ በአሥር ስፌት የጀመረ ቀይ ሰረዝ በየዙሩ በዚያው በአሥር ቢቀጥል፣ ወደ ጠርዙ ሲደርስ ከነጩ መካከል ቀጥኖ ይጠፋል። እንዳይጠፋ በየስንት ዙሩ ስንት ስፌት እንደሚጨመርለት ሰፊዋ ታውቃለች፤ ከእምብርቱ ሳትርቅም ጠርዙን አስባ ትጨርሳለች። ይህን ስሌት በወረቀት ሳያሰፍሩ በጣታቸው የያዙ እናቶች ዛሬ በፊታችሁ ረድፍ ተቀምጠዋል። የእነሱን ሥራ «የትርፍ ጊዜ ሥራ» እያልን ስንጠራው መኖራችን ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሚከብደው ልምጣ። በእኔ ልጅነት ስንደዶ የምንለቅምበት ተረተር ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ለቤት መሥሪያም ለማገዶም ጠቅሞናል፤ በአዊ በኩል ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው ዛፍም ለገበሬው ገንዘብ አምጥቶለታል፤ መሬቱን በዛፍ የሸፈነ ሰው ልጆቹን አስተምሮበታልና አልነቅፈውም። ነገር ግን የወል ግጦሹ ሲታረስ፣ ዳገቱ በዛፍ ሲሸፈን፣ የእኛ ሣር የሚቆምበት እያጣ መሆኑን ማየት አለብን። ሣሩ ሲርቅ የሚለቅመው ነጋዴ ይሆናል፤ ነጋዴው ደግሞ የሚቸኩለው ለገበያው ቀን እንጂ ለሣሩ ብስለት አይደለም። በማሠልጠኛ ክፍላችን የሆነው ይኸው ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በጣና ዳር ታንኳ የሚሠሩ ወገኖቻችን ሥራቸው ሁሉ በደንገል ላይ የቆመ ነው፤ ደንገሉ የሚበቅልበት ዳርቻ በእርሻ እየተገፋ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም እምቦጭ ሐይቁን እየወረረ ሲመጣ፣ ታንኳ የማሰር ጥበቡ እጃቸው ላይ እያለ ማሰሪያው እየራቃቸው ነው። ከእንጅባራ የመጣችሁ የቀርከሃ ሠሪ ወንድሞቻችን ደግሞ ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ተቆርጦ ቅርጫት ቢሠራበት እንደሚጨማደድና እንደሚነቅዝ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ልጆቻችሁን ከቢላዋው በፊት ወደ ቀርከሃው ጫካ ይዛችሁ ስትገቡ ማየቴ፣ ዛሬ የምናገረውን እንድናገር ካበረቱኝ ነገሮች አንዱ ነው።

አንዳንድ አባሎቻችን በውስጥ ውይይታችን ላይ፣ ልጆቹ ተማሪዎች ናቸው፣ መስከረም ትምህርት የሚከፈትበት ወር ነው፣ ሣር ለቀማ ሜዳ ለሜዳ እየዞሩ የሚያጠፉት ጊዜ የላቸውም፣ የተዘጋጀ አለላ ገዝተን እናቅርብላቸው ብለዋል። ሐሳቡ ከክፋት አልመጣም፤ እኔም አንዲትም ልጅ በስፌት ምክንያት ከትምህርት ቤት እንድትቀር አልፈልግም። ሆኖም በመስከረም ወር ሁለት ቅዳሜዎች ብቻ ቢሰጡን ይበቃናል። የተገዛ ቀለምንም አልቃወምም፤ የገበያው ቀለም ደማቅ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ የሚገዛንም እንግዳ ይወደዋል። የምቃወመው የሣሩን ብስለት በጣቷ የማትለይ ሰፊ ማሠልጠናችንን ነው፤ እንዲህ ያለችው ልጅ ዕድሜዋን ሁሉ ሌላ ሰው የመረጠላትን ሣር ስትሰፋ ትኖራለች፤ ሥራዋ በተላቀቀ ጊዜም እጇን ትወቅሳለች።

ስለ ፕላስቲኩ ብዙ አልናገርም። ትኩስ እንጀራ በፕላስቲክ ሲከደን እንደሚያልበውና በጥብቅ መሶብ ውስጥ እንደማያልበው ለእዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ዙሩ የተላቀቀ ሰፌድ ገዝታ ጤፏ የፈሰሰባት እመቤት ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ የፕላስቲኩን ብትገዛ አልፈርድባትም።

ስለዚህ የሥራ አመራሩ ለዚህ ጉባኤ የሚያቀርበው ውሳኔ እንደሚከተለው ነው። የሥልጠናው ዓመት ከእንግዲህ በጥቅምት ሳይሆን በመስከረም፣ ከአዳራሹ ውጭ፣ በሣሩ መካከል እንዲጀመር፤ እያንዳንዷ ሠልጣኝ አንዲት እናት ተከትላ የምትሰፋበትን ሣር ራሷ ለቅማ፣ አድርቃ፣ ሰንጥቃ እንድታዘጋጅ፤ የመጀመሪያ ሰፌዷም በዚያው ሣር እንዲሆን። ለሚያስተምሩት እናቶች ደግሞ የቀን አበል እንዲከፈል እንጠይቃለን፤ እስከ ዛሬ ምርቃትና ቡና ብቻ ሰጥተን ማሰናበታችን ተገቢ አልነበረም። ሌላው፣ እርከን ያላችሁ አባሎቻችን አክርማውን ከነሥሩ ከፍላችሁ በእርከኑ ጠርዝ ላይ እንድትተክሉልን ነው፤ አፈሩን ይይዝላችኋል፣ ከብትም ብዙ አይነካባችሁም፣ በመስከረምም ልጆቹ መጥተው ይለቅሙታል። ሦስት አባሎቻችን ካለፈው ክረምት ጀምረው ተክለውታል፤ መያዙንም ሄጄ አይቻለሁ።

ሪፖርቱ ከመቅረቡ በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት እስር ስንደዶ ተቀምጧል። አንደኛው ባለፈው ዓመት ለሥልጠናው ከገዛነው የተረፈው ነው፤ ሁለተኛውን በመስከረም ከጮቄ ግርጌ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የትኛው የቱ እንደሆነ አልጻፍሁበትም። ከፊት ረድፍ ጀምሮ በእጅ በእጅ ይዙር፤ ሠልጣኞች መጀመሪያ ዳስሱት፣ አጉብጡት፣ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁም አንዷን ስበሩ፤ ከዚያ አጠገባችሁ ላለችው እናት አቀብሉና የምትላችሁን ስሙ። የዘንድሮው ጉባኤያችን መከፈቱን በዚህ እገልጻለሁ።