አገዳ ሥር የተቀበረው ዩሪያ

ሰላማዊት፦ የዛሬው ርእሳችን ሳይታረስ በሚዘራ የመስኖ ማሳ ላይ የሚተው ጉዝጓዝ፣ ማለትም አፈሩን የሚሸፍን የሰብል ቅሪት፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚበሰብስ ነው። ጋሽ ጌታነህ፣ ከሙቀቱ እንጀምር ወይስ ከእርጥበቱ?

ጌታነህ፦ ጉዳዩን የተማርኩት ከወንድሜ ማሳ ስለሆነ ከዚያ ብንጀምር ይሻላል። ማሳው መራዊ አካባቢ፣ በቆጋ መስኖ ሥር ነው። በኅዳር በቆሎውን ከሰበሰብን በኋላ ከብት ሳናስገባ፣ ማረሻም ሳናሳርፍ፣ አገዳውን ቆራርጠን ጎዘጎዝነውና በመካከሉ ስንዴ ዘራን። አፈሩ ከአንዱ ውኃ እስከ ቀጣዩ ተራ እርጥበቱን ይዞ ሲቆይ ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ከአንድ ወር በኋላ ግን ስንዴው ቢጫ ሆነ። ጎረቤቶቻችን «አገዳው በላው» አሉ፤ ወንድሜም አገዳውን ሊያነሣ መንሹን ይዞ መጣ።

ሰላማዊት፦ ጎረቤቶቻችሁ ተሳስተው ነበር?

ጌታነህ፦ በከፊል ልክ ነበሩ። አገዳን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ለ24 እጅ ካርቦን 1 እጅ ገደማ ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፤ በበቆሎ አገዳ ውስጥ ግን ለ1 እጅ ናይትሮጅን ወደ 60 የሚጠጋ፣ በስንዴ ገለባ ደግሞ 80 የሚደርስ እጅ ካርቦን አለ። ስለዚህ የጎደላቸውን በአቅራቢያቸው ካገኙት ይወስዳሉ፤ ስንዴውም ናይትሮጅን አጥሮት ቢጫ ይሆናል። እኛ ደግሞ ናይትሮጅን የሚሰጠውን ዩሪያ ማዳበሪያ በእርጥቡ አገዳ ላይ በትነንላቸው ነበር! ከዚህም በላይ በአገዳው ላይ ያለ ዩሪዬዝ የተባለ ኢንዛይም ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ስለሚለውጠው፣ ከፊሉ ተንኖ ወደ አየር ይሄዳል። በቀጣዩ ዙር አገዳውን ገለጥ እያደረግን ዩሪያውን በመስመር አፈር ውስጥ ቀበርነው፤ ስንዴውም አረንጓዴነቱን መለሰ። ወንድሜ መንሹን ወደ ቤት መለሰው።

ሰላማዊት፦ ወደ ፍጥነቱ እንመለስና፣ መስኖ መበስበሱን ያፋጥነዋል?

ጌታነህ፦ አዎ፣ ሕዋሳቱ ያለ ውኃ ስለማይሠሩ በደረቅ የበጋ ማሳ ላይ ያለ አገዳ ብዙም ሳይለወጥ ይቆያል። በመስኖ ማሳ ግን አፈር የነካው የታችኛው ንጣፍ ይበሰብሳል፣ የላይኛው በፀሐይ እየደረቀ ይዘገያል፤ ቅጠሉም ሊግኒን የተባለ በቀላሉ የማይበሰብስ ጠንካራ ነገር ከሚበዛበት ግንድ ቀድሞ ያልቃል። እኔ ይህን ዝግታ እወደዋለሁ፤ የቀረው ጉዝጓዝ ነውና አፈሩን ከፀሐይ የሚጋርደው።

ሰላማዊት፦ ይሁን እንጂ አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። አገዳው ሁሉ ማሳ ላይ ከቀረ ላሟ እስከ ግንቦት ምን ትበላለች? እናቴ ይህን ብትሰማ አትስማማም።

ጌታነህ፦ እውነትሽን ነው፤ ቅጠሉና ጫፉ ለላሟ፣ ወፍራሙ ግንድ ለማሳው ቢሆን እስማማለሁ።

ሰላማዊት፦ እኔ ግማሽ በግማሽ ነበር ያሰብኩት።

ጌታነህ፦ ግማሹ በዚያ ፀሐይ መሬቱን አይሸፍንም፣ ሰላማዊት። በምንም ቢከፈል ግን ዩሪያው ከሥር ይቀበር።