808 ሰው ጠይቀው የተሳሳቱት ሴት

[በስክሪኑ ላይ፦ የአዮዋ ካርታ]

ቅዳሜ ማታ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2024። የአሜሪካ ምርጫ ሦስት ቀን ቀርቶታል። «ደ ሞይን ሬጂስተር» የተባለው የአዮዋ ጋዜጣ አንድ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ቁጥር አወጣ። ካማላ ሃሪስ 47 በመቶ፣ ዶናልድ ትራምፕ 44።

አገር ምድሩ ተንጫጫ። አዮዋ እኮ ትራምፕ ከዚያ በፊት ሁለቴ ያሸነፉበት ግዛት ነው! ሌላ ሰው ቢያወጣው ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። ያወጡት ግን አን ሴልዘር ናቸው።

ሥራቸው የሕዝብ አስተያየት መለካት ነበር። ጥቂት ሰው ጠይቆ ብዙው ምን እንደሚያስብ ማወቅ። ያኔ የተጠየቁት መራጮች 808 ነበሩ። «በዚህማ ምን ይታወቃል?» ትሉ ይሆናል። ወጥ ለመቅመስ ግን ድስቱን መጨረስ አያስፈልግም። በደንብ ከተማሰለ አንድ ጭልፋ ይበቃል።

ጣጣው ማማሰሉ ላይ ነው።

የማታውቁት ቁጥር ሲደውልላችሁ ታነሣላችሁ? እኔ አላነሣም። የሚያነሣው ሰው ደግሞ ከማያነሣው ይለያል። ለምሳሌ ወጣቶች ከሚገባቸው ድርሻ ግማሹን ብቻ ከተገኙ፣ የእያንዳንዱ ወጣት መልስ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ክብደት መስጠት የሚሉት ይህን ነው። የተንታኙ የዕለት እንጀራም ይኸው ነው።

በዕድሜና በጾታ ማስተካከሉ ብዙም አያጣላም። ጭቅጭቁ ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ተንታኞች «ባለፈው ማንን መርጠው ነበር?» ብለው ይጠይቁና ናሙናውን ካለፈው ውጤት ጋር ያመሳስሉታል። ሴልዘር ይህን አያደርጉም ነበር። ያለፈው ምርጫ መራጭና የመጪው መራጭ አንድ ላይሆን ይችላላ!

ይህ ግትርነት ነው ስም ያወጣላቸው።

[በስክሪኑ ላይ፦ 2008]

በአዮዋው የዴሞክራቶች የዕጩ ምርጫ ዋዜማ የሴልዘር ቁጥር ኦባማ 32፣ ሂላሪ ክሊንተን 25 አለ። የተቀናቃኞቹ ሰዎች ቁጥሩን አጣጣሉት፤ ምክንያቱም ጥናቱ ብዙ አዲስ ሰው ይመጣል ብሎ ነበር። አዲሶቹ መጡ። ኦባማም አሸነፉ። በ2020 ደግሞ ሌሎች ጥናቶች አዮዋ አንገት ለአንገት ነው ሲሉ፣ እሳቸው ትራምፕ በ7 ነጥብ ይመራሉ አሉ። ውጤቱ 8 ሆነ።

ስለዚህ በ2024 ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ውጤቱስ? ትራምፕ በ13 ነጥብ አሸነፉ። ስህተቱ 16 ነጥብ ገደማ ነው። የጥናቱ የስህተት ህዳግ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ዕጩ ቁጥር ከእውነቱ ሊርቅ ይችላል የተባለው ልክ፣ ግን 3.4 ተብሎ ነበር የተጻፈው። ታዲያ እንዴት? ያ ህዳግ የሚለካው ተጠያቂዎቹ በዕጣ ሲመረጡ የሚፈጠረውን አጋጣሚ ብቻ ነው። ስልኩን ማን አነሣ፣ ማን ዘጋ፣ እሱን አያውቅም። ሴልዘር በኋላ መረጃቸውን መልሰው ፈተሹት፤ ይኼ ነው የሚባል ጥፋተኛ አላገኙም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ስህተቱ አይደለም። አስቡት፤ ሥራው አልቋል፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ቁጥር ከሌላው ሁሉ ተለይቷል። ክብደቱን ትንሽ ጎተት አድርጎ ከባልደረቦች ጋር መመሳሰል ይቻላል። ማን ያውቃል? አንዳንዱ ያደርገዋልም። ከመንጋው ጋር የተሳሳተን ማንም ለይቶ አይወቅሰውም። እሳቸው ያገኙትን እንዳገኙት አወጡት። እንደኔ ከሆነ፣ ይህን የማይደፍር ሰው ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ሌላ ሥራ ደግሞ ሞልቷል። የብዙዎቹ የጥናት ድርጅቶች ገቢ ከገበያ ጥናት ነው። የትኛው ሳሙና ይወደዳል፣ ደንበኛው ለምን ሸሸ፣ እንዲህ ያለው። ምርጫ ስም ያስጠራል እንጂ ኪስ አይሞላም። ሳሙናው ላይ ቢሳሳቱ ደግሞ በቴሌቪዥን አይሰደቡም።

[በስክሪኑ ላይ፦ ኖቬምበር 17 ቀን 2024]

ሴልዘር ከምርጫ ጥናት መውጣታቸውን በዚያው ጋዜጣ ላይ ጻፉ። ውሳኔውን ለጋዜጣው ያሳወቁት ግን ከአንድ ዓመት በፊት እንደነበር ገለጹ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በኋላ ማን ይሰማቸዋል? በዲሴምበር ደግሞ ትራምፕ እሳቸውንና ጋዜጣውን ከሰሱ።