«ቡንጎ ስትሬይ ዶግስ»፦ የመርማሪዎቹ ኃይል ከየት መጣ?

[ምስል፦ ዮኮሃማ ወደብ፣ ምሽት]

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) «ቡንጎ ስትሬይ ዶግስ» ነው። በጃፓኗ የወደብ ከተማ በዮኮሃማ፣ ፖሊስ ያቃተውን ጉዳይ የሚይዝ አንድ የመርማሪዎች ድርጅት አለ። አባላቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል አላቸው። በተቃራኒው ወገን የወደቡ ማፊያ ተሰልፏል። የተነሳበትን ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ፣ ካፍካ አሳጊሪ ጽፎት ሳንጎ ሃሩካዋ ሣለችው፤ ቦንስ ስቱዲዮ ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስት ምዕራፍ ሠርቶለታል።

እስከዚህ ድረስ ከሌሎች አኒሜዎች ብዙም አይለይም። ነገር ግን ገጸ ባሕርያቱ የያዙት የእውነተኛ ደራሲዎችን ስም ነው፤ ኃይላቸውም ከነዚያ ደራሲዎች ሥራ የተቀዳ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚያየው ብዙ ነው። ሲታወቅ ግን ተከታታዩ በእጥፍ ይጣፍጣል ባይ ነኝ።

[ምስል፦ የመጀመሪያው ክፍል፣ መጋዘኑ]

ከዋናው ልጅ ከአጹሺ ናካጂማ እንጀምር። ከወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ተባሮ፣ ረሃብ አንጀቱን አጣብቆት ወንዝ ዳር ሲንከራተት፣ ውሃ የሚወስደውን ሰው አይቶ ያወጣል። ሰውየው መርማሪው ዳዛይ ነው። መርማሪዎቹ ከተማውን ያሸበረ ነብር እያደኑ ነው፤ አጹሺም ይህ ነብር በሄደበት ሁሉ እንደሚከተለው ይነግራቸዋል። ሌሊት ከዳዛይ ጋር መጋዘን ውስጥ ሲጠብቁ የጨረቃዋ ብርሃን ይገባል፤ ነብሩም ራሱ አጹሺ ሆኖ ይገኛል። ዳዛይ ሲነካው ወዲያው ሰው ይሆናል፤ የዳዛይ ኃይል የሌላውን ኃይል በንክኪ ማክሸፍ ነውና። እኔን የሚማርከኝ ግን ከንክኪው በፊት ያለው ነው። ዳዛይ ነብሩ የታየበትንና ልጁ የነበረበትን ቦታ ገጣጥሞ መልሱን ቀድሞ ደርሶበት ነበር።

እውነተኛው አጹሺ ናካጂማ በ1942 ገና በ33 ዓመቱ ያረፈ ደራሲ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው ዝነኛ አጭር ልቦለዱ ውስጥ አንድ ቻይናዊ ሹም ባለቅኔ ልሁን ብሎ ሥልጣኑን ይተዋል። ሳይሳካለት ቀርቶ ነብር ይሆናል። የድሮ ወዳጁ በዚያ ሲያልፍ ከቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ግጥሞቹን በቃሉ ይነግረዋል፤ ለዚህ ያበቃኝም ኩራቴና ሀፍረቴ ነው ይለዋል። አኒሜው ይህን ገልብጦታል። የኛ አጹሺ ኩራት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ማሳደጊያው ውስጥ ለምንም አትረባም እየተባለ ነው ያደገው። ነብሩ ያው ነው፣ ቁስሉ ግን ሌላ።

ዳዛይና አኩታጋዋም እንዲሁ ናቸው። እውነተኛው ኦሳሙ ዳዛይ ከሱ በፊት ለነበረው ደራሲ ለአኩታጋዋ ትልቅ አድናቆት ነበረው። በ1935 በአኩታጋዋ ስም የተቋቋመው ሽልማት ሲጀመር ዕጩ ሆኖ ቀረ፤ ኋላም ሽልማቱን እንዲሰጡት በደብዳቤ ተማጽኗል። በአኒሜው ግን ለማኙ አኩታጋዋ ነው። ካፖርቱ ጥቁር አውሬ ሆኖ ሰው የሚቆርጥ የማፊያ ገዳይ ነው፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገውም የቀድሞ አስተማሪው ዳዛይ አንዲት የአድናቆት ቃል እንዲናገረው ነው። ከተከታታዩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ጸሐፊውን ከልቤ የማደንቀው።

አንድ ነገር ግን ይከብደኛል። ዳዛይ ራሱን ለማጥፋት መሞከሩ በየክፍሉ መሳቂያ ይደረጋል። እውነተኛው ዳዛይ በ1948 ራሱን አጥፍቷል። ለልጆች የምታሳዩት ከሆነ ይህን ቀድማችሁ እወቁ።

[ምስል፦ ራንፖ መነጽሩን ሲያደርግ]

በመጨረሻ ወደ ኤዶጋዋ ራንፖ እንምጣ፤ ያላያችሁት እዚህ ጋ ቪዲዮውን አቁሙ። ራንፖ መነጽሩን ሲያደርግ ወንጀለኛውን ባንድ አፍታ ያውቃል። የድርጅቱ ኩራት ነው። ግን ምንም ኃይል የለውም! ራንፖ ልጅ ሳለ የድርጅቱ አለቃ ፉኩዛዋ መነጽሩን ሰጥቶ ልዩ ኃይል እንዳለው አሳመነው። ያ ልጅ ሌላው ሰው ለምን እሱ የሚያየውን እንደማያይ ግራ ገብቶት የሚሠቃይ ነበር። ዝም ብሎ ዓይኑ የሠላ ሰው ነው።

እውነተኛው ራንፖ የጃፓን የወንጀል ምርመራ ልቦለድ አባት የሚባለው ነው፤ የብዕር ስሙን የቀዳው ከአሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ፖ ራሱ ራንፖን ሊበቀል ዮኮሃማ ይመጣል። የፖ ኃይል አንባቢውን ልቦለዱ ውስጥ መክተት ነው፤ ለመውጣት ደግሞ ነፍሰ ገዳዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ራንፖም ከድርጅቱ ሐኪም ከዮሳኖ ጋር እዚያ ይገባል። ሁለተኛውን ምዕራፍ ስታዩ ይህን ክፍል አትለፉት።