ሲይሞር ጠበቀ፣ ፍራይ ግን ለምን አልጠየቀም?

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ስለ አንድ የካርቱን ክፍል ነው የማወራው። ፊውቹራማ ከሚባለው ተከታታይ አኒሜሽን «ጁራሲክ ባርክ» የሚለው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 ነው የወጣው፣ በዓመቱም ለኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት ታጭቶ ነበር። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፣ አልቅሳችሁበታልም። እኔም አልቅሼበታለሁ። የምሞግተውም ስለምወደው ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፍራይ ኒውዮርክ ውስጥ ፒዛ አድራሽ ነበር። በ1999 የመጨረሻ ሌሊት ሰው የሚያቀዘቅዝ ማሽን ውስጥ ይወድቅና ከሺህ ዓመት በኋላ ይነቃል። በዚህ ክፍል ሙዚየም ገብቶ የድሮ ውሻውን ሲይሞርን ድንጋይ ሆኖ ያገኘዋል። አሠሪው የሆነው ሳይንቲስት፣ ፕሮፌሰር ፋርንስወርዝም ውሻውን ከቅሪተ አካሉ መልሶ መሥራት እንደሚችል ይነግረዋል፣ ትዝታውን ሳይቀር። ሥራው ሊጀመር ሲል ግን ሲይሞር በ15 ዓመቱ እንደሞተ ይታወቃል። ፍራይ ሲለየው ውሻው የ3 ዓመት ነበር። እንግዲህ 12 ዓመት ያለ እኔ ኖሯል፣ ሌላ ሕይወት አግኝቷል፣ ረስቶኛልም ብሎ ሥራውን ያስቆማል። ከዚያ ሲይሞር ፒዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ክረምት ሲሄድ በጋ ሲመጣ፣ እየጠበቀ እየጠበቀ አርጅቶ ዓይኑን ሲከድን ያሳዩናል። አለቀ።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄዬ። ትዝታው ይመለሳል ተብሏል እኮ! ረስቶኛል ወይ ለሚለው መልሱ እዚያው ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ በእጁ ላይ ነው ያለው። ውሻውን ቀስቅሶ ፊቱ ላይ ሲዘልበት ወይም ዞር ሲልበት ማየት ይችል ነበር። ተመልካቹ የሚያውቀውን ገጸ ባህሪው ሳያውቅ ሲቀር ልባችን ይሰበራል፣ ይሄ የቆየ ጥበብ ነው። ግን አለማወቁ ከራሱ ከታሪኩ መምጣት አለበት። እዚህ ግን ፍራይ የማያውቀው ደራሲው እንዲያውቅ ስላልፈለገ ብቻ ነው።

ጠባዩንም እዩት። ይሄ ሰው ድንጋዩን እንዲሰጡት ብሎ ሙዚየሙ ደጅ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ የጨፈረ ሰው ነው። ሦስት ቀን! እንዲህ ያለው ሰው ውሻውን በአንድ ቁጥር፣ በአንድ ደቂቃ ይተዋል? «ፍራይ ጅል ነው» የሚሉኝ አሉ። ጅልነቱ ግን ሂሳብ ላይ ነው እንጂ ፍቅር ላይ አይደለም፤ በተከታታዩ ሁሉ ሲሳሳት የምናየው ከስሜቱ ጋር ሲሮጥ ነው፣ ስሜቱን ገትቶ በስሌት ሲወስን አይደለም። «ለውሻው ክብር ብሎ ነው የተወው» የሚሉም አሉ፣ ይሄኛውን ክርክር አከብረዋለሁ፤ ቢሆንም ለሌላው ክብር ያለው ሰው መጀመሪያ ይጠይቃል።

የፍራይ ጓደኛ ሮቦቱ ቤንደር ቅናት ይዞት ድንጋዩን የቀለጠ ዓለት ውስጥ መወርወሩ፣ ቆይቶም የራሱ ሰውነት ዶሎማይት የሚባለው ሙቀት የሚችል ማዕድን አለበት ተብሎ ዘልሎ ማውጣቱ ለሴራው እንዲመች የተደረገ ነው። ቅናቱ ግን እውነተኛ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

የሚገርመኝ የሲይሞር ነገር ነው። ፍራይ ከጠፋ በኋላ የቀዘቀዘበትን ቦታ ያገኘው እሱ ነው፤ ወላጆቹን እዚያ ድረስ ወስዶ ጮኸ፣ እነሱ ግን ልብ ሳይሉ ይዘውት ሄዱ። ታዲያ ቦታውን ካወቀ ለምን ፒዛ ቤቱ በር ላይ 12 ዓመት ተቀመጠ? መጀመሪያ ስህተት መስሎኝ ነበር። ደግሜ ሳየው ግን ፍራይ በዚያች የመጨረሻ ሌሊት እስክመለስ ጠብቀኝ ብሎት ነው የወጣው። አያችሁ? ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ፣ ሲይሞር የተገናኘው ከፍራይ ጋር ፒዛ ተካፍሎ ነው፣ የታዘዘውም እዚያው ነው፣ የጠበቀውም እዚያው። ከክፍሉ ገጸ ባህሪያት ሁሉ የጠባዩ መስመር ያልተበጠሰበት አንድ ውሻ ብቻ ነው።

በ2007 በወጣው ረጅም ፊልም ደራሲዎቹ ወደዚህ ታሪክ ተመልሰዋል። ሌላ የፍራይ ቅጂ ወደ ኋላ ሄዶ ከሲይሞር ጋር ኖሯል ተባለ፣ ውሻውም በአንዴ ድንጋይ የሆነው በፍንዳታ ነው ተባለ። ውሻው እንዴት ድንጋይ ሆነ ለሚለው መልስ ተገኘ። ያ ብቸኛ ጥበቃ ግን ተወሰደብን፣ ፍራይ ለምን አልጠየቀም የሚለውም እንዳለ ቀረ።

እኔ ብሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የምቀይረው። ፕሮፌሰሩ «ገላውን እመልስልሃለሁ፣ ትዝታውን ግን አልችልም» ይበል። ያኔ ፍራይ የሚጠይቀው አካል የለም፤ የሚቀሰቀሰው ውሻም እሱን የማያውቅ ውሻ ነው። ቢተወው እረዳዋለሁ። መጨረሻው ላይም አንድ ምስል ሳይነካ እንዳለ ይቆያል።

እስቲ መብራቱን አጥፉልንና አብረን ደግመን እንየው። ፕሮፌሰሩ ስለ ትዝታው ሲናገር የፍራይን ፊት ተመልከቱልኝ።